ብርሃንና ጨለማ የከብትንና የሰውን ውስጣዊ ሰዓት ስለ ማቅናታቸው፤ በወላይታ ቤቶች ምሳሌ የቀረበ

ከብትን የሚያኖረው መኖና ውሃ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። መኖና ውሃ ከሁሉ የሚቀድሙ መሆናቸው አይካድም። ዳሩ ግን ላምና በሬ፣ በግና ፍየል፣ ሰውም ራሱ፣ ከመኖና ከውሃ ሌላ በየቀኑ የሚቀበሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቀን ብርሃንና የሌሊት ጨለማ በየተራቸው መፈራረቃቸው ነው። ይህ ነገር ዋጋ ስለማይከፈልበትና በሚዛን ስለማይመዘን የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። አሁን ግን የኤሌክትሪክና የፀሐይ ኃይል መብራት ወደ ገጠር ቤቶች እየገባ ስለሆነ፣ የሌሊቱ ጨለማ እንደ ቀድሞው ሳይፈልጉት የሚገኝ መሆኑ እየቀረ ነው። ስለዚህ ክቡራን የዞንና የወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ እንዲሁም ከብት ያላቸው ባለይዞታዎች፣ ብርሃን በአጥቢ እንስሳት አካል ላይ የሚሠራውን ሥራ አስቀድመው ቢረዱ፣ ለሕዝባቸው የሚጠቅም ምክር በጊዜው ለመስጠት ይችላሉ።

ለዚህ ጕዳይ የወላይታን ምድር በምሳሌነት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለችው ከሶዶ ከተማ ጀምሮ እስከ ቦዲቲና እስከ አረካ፣ ከዚያም እስከ ሁምቦና እስከ ኦፋ ድረስ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ የየቤተ ሰቡ መሬት ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ብዙው ገበሬ የሚያረባው ከብት ጥቂት ሲሆን፣ ያንኑ ጥቂቱን አብዝቶ ይንከባከባል። በጥንቱ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ቤተ ሰቡና ከብቱ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ የምድጃውም እሳት ለሁሉም ይሞቃል። ከብቱ በቤት ማደሩ ከአውሬ፣ ከሌባና ከሌሊት ብርድ ይጠብቀዋል፤ ፍጉም የጓሮውን እንሰት ያለመልማል። ለጊፋታና ለመስቀል በዓል የሚደልበው ሰንጋ ደግሞ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠልና የበቆሎ አገዳ እየቀረበለት ታስሮ ይከርማል። እንግዲህ ከብቱ የሚያየው ብርሃን ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ሌሊቱን የሚበራው ብርሃን ከጥንት ጀምሮ የምድጃው እሳት፣ በኋላም ኩራዝ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በዞኑ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚወርደው በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራውና 1,870 ሜጋ ዋት ኃይል ለማመንጨት የታቀደው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መሥመር ባልደረሰበት ቀበሌም ቢሆን በፀሐይ ኃይል የሚሠራው አነስተኛ መብራትና የእጅ ስልክ መብራት ደርሷል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ተማሪ በማታ መጽሐፉን ያነብባል፤ እናትም ጢስ ሳይበላት ሥራዋን ትሠራለች። ነገር ግን ነጩ መብራትና ቀዩ እሳት ለዓይን ሁለቱም ብርሃን ይሁኑ እንጂ፣ ለሰውነት ሰዓት እኩል አይደሉም። ምክንያቱንም ከዚህ በታች እናስረዳለን። ስለ ውጭ አገር ምርምር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

የሰውነት ሰዓት ምን እንደሆነ

የአገራችን ሰው የቀኑን ሰዓት መቍጠር የሚጀምረው ከንጋት ነው። የሚያጠቡ እንስሳት አካልም እንዲሁ ንጋትን ተከትሎ ሰዓቱን የሚያቀና ነው። ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች በአንጎል ሥር ተገናኝተው ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ እጅግ ትንሽ የሆነ የሕዋሳት ጕብ አለ፤ በአይጥ አንጎል ውስጥ የሕዋሳቱ ቍጥር 20,000 ያህል ነው። በ1972 በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ይህ ጕብ የጠፋበት አይጥ የመንቂያና የማረፊያ ጊዜው እንደሚዘበራረቅ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የሰውነት ዋና ሰዓት በዚህ ሥፍራ መሆኑ ታወቀ። የእንቅልፍና የመንቃት፣ የረኃብ፣ የሰውነት ሙቀት፣ እንዲሁም የብዙ ዕጢዎች ሥራ በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ የሚለው ይህ ጕብ በሚሰጠው ትእዛዝ ነው።

በየሕዋሱ ውስጥ ያለው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሕዋሱ አንዳንድ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ ፕሮቲን ማለትም አካል የሚገነባበትና ሥራውን የሚያከናውንበት ንጥረ ነገር ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ቀስ በቀስ ሲከማቹ የራሳቸውን መሠራት ያግዳሉ፤ ከዚያም ፈርሰው ሲያልቁ እገዳው ይነሣና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ይህ ዙር አንድ ቀን ያህል ይፈጃል። የአሠራሩን ምስጢር በፍሬ ዝንብ ላይ መርምረው የገለጹት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሆኖም ይህ ሰዓት ልክ 24 ሰዓት አይሞላም፤ ወይም ጥቂት ያልፋል፣ ወይም ጥቂት ይጐድላል። የሰው ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት 10 ደቂቃ ያህል እንደሚበልጥ በ1999 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ታውቋል። ስለዚህ የሚያቀናው ነገር ባይኖር ኖሮ በ6 ቀን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ይዘገይ ነበር። የእጅ ሰዓቱ የሚዘገይበት ሰው በየጧቱ እንደሚያስተካክለው፣ አካልም ሰዓቱን በየቀኑ ያስተካክላል፤ የሚያስተካክልበትም ዋናው መሣሪያ ብርሃን ነው።

ብርሃኑን የሚቀበለው ፕሮቲን እንዴት እንደ ተገኘ

ብዙ ዘመን ሊቃውንት ዓይን ለማየት ብቻ የተፈጠረ መስሏቸው ነበር። በዓይን ውስጠኛ መጋረጃ ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባዮች መኖራቸው ይታወቃል፤ አንዱ በደብዛዛ ብርሃን የምናይበት፣ ሁለተኛው በቀን ቀለም የምንለይበት ነው። ነገር ግን በ1923 ክላይድ ኪለር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ፣ ከትውልድ የታወሩ አይጦች ዓይናቸው ላይ ብርሃን ሲበራ ብሌናቸው እንደሚጠብብ ተመለከተ። ማየት የማይችል ዓይን ብርሃንን ማወቁ የሚያስደንቅ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ራስል ፎስተርና ባልደረቦቹ ሁለቱም ዓይነት ተቀባዮች የሌሏቸው አይጦች እንኳ የሰውነት ሰዓታቸውን በብርሃን እንደሚያቀኑ አረጋገጡ። ዓይኖቻቸው ፈጽመው በወጡ ጊዜ ግን ይህ ችሎታ ጠፋ። ስለዚህ በዓይን ውስጥ ያልታወቀ ሦስተኛ ተቀባይ መኖሩ ግልጥ ሆነ።

ይህንንም የፈታው ከአፍሪካ እንቍራሪት የተገኘ ነገር ነው። በ1998 ኢግናስዮ ፕሮቬንስዮና ባልደረቦቹ በዚህ እንቍራሪት ቆዳ ውስጥ ብርሃን የሚሰማው አዲስ ፕሮቲን አገኙ፤ ስሙንም ሜላኖፕሲን አሉት። በ2000 ይኸው ፕሮቲን በሰውና በአይጥ ዓይን ውስጠኛ መጋረጃ ላይ መኖሩ ታወቀ። በ2002 ደግሞ ዴቪድ በርሰንና ሳመር ሐታር ከየባልደረቦቻቸው ጋር፣ ሜላኖፕሲን ያላቸው ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት ብርሃንን በራሳቸው እንደሚቀበሉና ወደ ሰውነት ሰዓት በቀጥታ እንደሚያስተላልፉ አሳዩ። ለማየት የሚያገለግሉት ሁለቱ ተቀባዮችም በዚህ ሥራ ይረዳሉ፤ መንገዱ ግን በእነዚሁ ጥቂት ሕዋሳት በኩል ነው።

ለዚህ ነገር ሌላ ምስክር የሚሆን አንድ የዱር እንስሳ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ የእንሰትን ሥር እየቈረጠ ገበሬውን የሚያስቸግረውን ፍልፈል የማያውቅ የለም። የእርሱ ዘመድ የሆነውና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚኖረው ዕውሩ ፍልፈል ዓይኖቹ በቆዳ ሥር የተሸፈኑ ናቸው፤ ምንም ነገር አያይባቸውም። ነገር ግን በእነዚያ በተሸፈኑ ዓይኖች ውስጥ ሜላኖፕሲን ስላለ፣ ከጕድጓዱ አፍ የምትገባው ጥቂት ብርሃን የሰውነቱን ሰዓት ታቀናለታለች። ማየትን ያጣ ዓይን ቀንና ሌሊትን የመለየት ሥራውን አላጣም።

ስለ ብርሃን ቀለምና ስለ ሌሊት መልእክተኛ

ሜላኖፕሲን ሁሉንም ቀለም እኩል አይቀበልም። አብልጦ የሚነቃው በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ በሊቃውንት መለኪያ 480 ናኖሜትር አካባቢ ማለት ነው። ለቀይ ብርሃን ግን እጅግ ደካማ ነው። የምድጃ እሳት ብርሃን አብዛኛው ቀይና ቢጫ ስለሆነ፣ ለዚያውም ደብዛዛ ስለሆነ፣ የሰውነትን ሰዓት የሚነካው በጥቂቱ ነው። ዛሬ በየቤቱ የሚበራው ነጭ የኤሌክትሪክ አምፑል ግን በውስጡ ብዙ ሰማያዊ ብርሃን አለበት። ስለዚህ በሌሊት በነጭ አምፑል ሥር የቆመች ላም ዓይኗ ለአንጎሏ የሚያስተላልፈው መልእክት «ገና አልመሸም» የሚል ነው።

የብርሃኑም መጠን ይቈጠራል። በጠራ ሰማይ በእኩለ ቀን ሜዳ ላይ ያለው ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይሆናል። በአንድ አምፑል የሚበራ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሉክስ አይበልጥም፤ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ደግሞ በቀንም ቢሆን እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በጨለማ ቤት የታሰረ፣ ማታ ደግሞ መብራት የሚበራበት ሰንጋ፣ ቀኑ ሌሊት ሌሊቱም ቀን የሆነበት ነው። ንጋትም ምሽትም አያውቅም።

ሲጨልም በአንጎል መካከል ያለች ፒኒያል የተባለች ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ትለቃለች። ይህ የሌሊት መልእክተኛ ነው፤ ሌሊቱ ሲረዝም ለብዙ ሰዓት፣ ሲያጥር ለጥቂት ሰዓት እየፈሰሰ፣ ጨለማው ምን ያህል እንደቈየ ለአካል ሁሉ ያስታውቃል። ሜላቶኒንን በ1958 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ለርነር ነው፤ ያገኘውም ከታረዱ ከብቶች ዕጢ ነበር። በሌሊት ብርቱ ብርሃን ሲበራ ይህ መልእክተኛ ይቋረጣል፤ በሰው ላይም እንዲሁ መሆኑን አልፍሬድ ሊዊና ባልደረቦቹ በ1980 አሳይተዋል።

የሩቅ አገር ሥርዓት ለወላይታ ስለ መስማማቱ

ሶዶ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ከ7 ዲግሪ በታች ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ከዓመቱ ረዥሙ ቀን 12 ሰዓት ተኩል ያህል፣ አጭሩም 11 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው። በእንግሊዝ አገር በለንደን ግን ረዥሙ ቀን 16 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ፣ አጭሩ 8 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ የአውሮፓ በግ አውራ የምትፈልገው ቀኑ እያጠረ፣ ሜላቶኒኑም እየረዘመ ሲሄድ፣ በመጸው ነው፤ ግልገሎቹም በጸደይ ይወለዳሉ። የእኛ አገር በግ ግን መኖ እስካገኘች ድረስ በየትኛውም ወር ትወልዳለች፤ ወቅቷን የሚወስነው የዝናብና የሣር መኖር እንጂ የቀን መርዘምና ማጠር አይደለም። የውጭ ዝርያ የሚያስመጣ ባለይዞታ ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባዋል።

በ1978 በአሜሪካ በሚሺጋን አገር የተደረገ ፈተና፣ በክረምቱ አጭር ቀን የነበሩ የወተት ላሞች በመብራት ቀኑ 16 ሰዓት እንዲሆንላቸው ሲደረግ ወተታቸው በመቶ 10 ያህል እንደ ጨመረ አሳየ። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ መብራቱ ሌሊቱን ሁሉ ይብራ» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንደኛ፣ ያ ጥቅም የተገኘው ቀኑ 16 ሰዓት፣ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሆኖ ሲለይ ነው፤ ጨለማ የሌለው ብርሃን ያንን ጥቅም አይሰጥም። ሁለተኛ፣ ላሞቹ ብዙ ወተት እንዲሰጡ የተመረጡና ጠግበው የሚበሉ ነበሩ፤ ወተቱ ሲጨምር የሚበሉትም ጨምሯል። መኖ በጐደለበት ቤት መብራት ወተት አይሆንም። ሦስተኛ፣ ከብት ከሚያመሰኳው ብዙውን የሚያመሰኳው በሌሊት ነው፤ በቀንና በሌሊትም 10 ሰዓት ያህል መተኛት ይሻል። ዕረፍቱን በመብራት የነሡት ከብት የበላውን መኖ በሚገባ አይጠቀምበትም።

የዶሮ ነገር ከዚህ የተለየ ስለሆነ እንዳይደባለቅ ያሻል። ዶሮ አጥቢ አይደለችም። በ1935 ፈረንሳዊው ዣክ ቤኗ በዳክዬዎች ላይ እንዳሳየው፣ አዕዋፍ ብርሃንን በዓይናቸው ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላቸው አልፎ ወደ አንጎላቸው በሚገባው በኩል ይቀበላሉ። ስለዚህ ለእንቍላል ጣይ ዶሮዎች የተጻፈውን የመብራት ሥርዓት ወደ ላም ጋጣ ማዛወር ስሕተት ነው።

ስለ ሰውም አንድ ቃል

ከብቱና ቤተ ሰቡ በአንድ ጣራ ሥር እስካሉ ድረስ የአንዱ መብራት የሌላው መብራት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በነጭ አምፑል ሥር የሚተኛ ሕፃን፣ ስልኩን ከዓይኑ ሳያርቅ የሚያመሽ ወጣት፣ የሰውነት ሰዓታቸው ወደ ኋላ ይዘገያል፤ በጧት ለመንቃትም ይከብዳቸዋል። በ2007 የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሰውነትን ሰዓት የሚያዛባ የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ነገሮች መካከል ቈጥሮታል። የዘብና የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን የሚያዝዝ አስተዳዳሪ የፈረቃቸውን ተራ ሲወስን ይህን ያስብ።

ደግሞም በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ፕሮቲኖች ሁሉ፣ ሜላኖፕሲንም ጭምር፣ ከቪታሚን ኤ የሚገኝ አንድ ቅንጣት ያስፈልጋቸዋል። ቪታሚን ኤ ሲጐድል በመጀመሪያ የሚደክመው የምሽት እይታ ነው፤ ሕዝቡ ዳፍንት የሚለው ይህ ነው። ወላይታ የስኳር ድንች አገር ስለሆነ፣ ውስጡ ብርቱካን መልክ ያለው የስኳር ድንች ዝርያ በየጓሮው እንዲስፋፋ ማድረግ ለዓይን ጤና ትልቅ እርዳታ ነው።

አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

1ኛ፤ በቤት ታስሮ የሚደልብ ወይም የሚታለብ ከብት በየጧቱ ወደ ደጅ ወጥቶ የቀን ብርሃን እንዲያገኝ ማድረግ። ይህ የማይቻል ቢሆን በጋጣው በኩል፣ በተለይም በምሥራቅ አቅጣጫ፣ ሰፊ መስኮት መክፈት።

2ኛ፤ የማታው እልቢያና መኖ መስጠት ካለቀ በኋላ በከብቱ በኩል ያለውን መብራት ማጥፋት። ቤተ ሰቡ የሚያመሽ ቢሆን በመካከሉ መጋረጃ ወይም ግድግዳ ማበጀት።

3ኛ፤ ላም የምትወልድበት ሌሊት ሲደርስ ወይም ከብት ሲታመም ለመጠበቅ፣ ቢጫ ወይም ቀይ መልክ ያለውን ትንሽ መብራት ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት ማብራት፤ ነጩን ብርቱ አምፑል ለሐኪሙ ሥራ ብቻ ማቈየት።

4ኛ፤ የውጭ ዝርያ ላሞች ያሉት ባለይዞታ ቀኑን በመብራት ማስረዘም ቢፈልግ፣ አስቀድሞ መኖው የሞላ መሆኑን ማረጋገጥና በየሌሊቱ 8 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ መተው።

5ኛ፤ አዲስ የገጠር ቤት ወይም የከብት ጋጣ ንድፍ በወረዳው ሲመረመር፣ የመስኮቱን ስፋትና የመብራቱን ሥፍራ አብሮ መመርመር። ከበረት አጠገብ የሚተከል የመንገድ መብራትም ብርሃኑ ወደ በረቱ እንዳይዞር መጠንቀቅ።

6ኛ፤ ይህን ምክር የሰማ ማንም ሰው ወደ ኩራዝ እንዳይመለስ ማስጠንቀቅ። የኩራዝ ጢስ ለሳንባና ለዓይን ጐጂ ነው፤ የምንመክረው የኤሌክትሪክን መብራት በሰዓቱ ማብራትንና በሰዓቱ ማጥፋትን ነው።

ከዚህ በላይ የተጻፈው ምክር አብዛኛው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ይልቁንም ትጋትን ይጠይቃል። አንድ ሰንጋ ወይም አንዲት ላም የቤቱ ሀብት በሆነችበት አገር፣ የከብቱን ዕረፍት መጠበቅ የቤተ ሰቡን እንጀራ መጠበቅ ነው። የወላይታ ገበሬ ከብቱን ከቤቱ አስገብቶ ከብርድና ከአውሬ እንደ ጠበቀው ሁሉ፣ ዛሬ ደግሞ ንጋቱንና ምሽቱን እንዲጠብቅለት የየወረዳው ሹም በየስብሰባው ያስረዳው ዘንድ ይገባል።